ፈገግታ በ128 ባይት

ለንግድ የሚሠራ ሥዕል ሲባል ቶሎ የሚመጣልን የግድግዳ ፖስተር ነው። በ1891 ቱሉዝ ሎትሬክ ለፓሪሱ ጭፈራ ቤት ለሙላን ሩዥ የሠራው ዓይነት፣ ወይም ሃደን ሰንድብሎም ከ1931 ጀምሮ ለኮካ ኮላ የሣለው ቀይ ለባሽ የገና አባት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) የነዚህ ሥዕሎች ሥራ መንገደኛውን አስቁሞ እጁን ወደ ኪሱ መስደድ ነው። ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ከገዢው ጋር ጉዳይ የላቸውም። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ስለሆንኩ መሰለኝ፣ ልቤ የሚያደላው ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ሥራ ወደሚጀምረው ሥዕል ነው። ወደ አይከን።

አፕል ውስጥ ማኪንቶሽን የሚሠራው ቡድን አንድ ጭንቀት ነበረበት። ዕቃው የሚሸጠው ኮምፒውተር ነክቶ ለማያውቅ ሰው ነው፤ ዋጋው ደግሞ በ1984 ገበያ ላይ ሲወጣ 2,495 ዶላር። ያን ያህል ከፍሎ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ ጻፍ የሚባል ሰው ይሸሻል። ስክሪን ላይ ሥዕል ማድረግ አዲስ ሐሳብ አልነበረም፤ ዜሮክስ በ1981 ስታር በተባለው ማሽኑ የወረቀትና የፎልደር ሥዕሎች ይዞ ወጥቷል። የማኪንቶሽ ቡድን ያጣው የሚሥል ሰው ነው። ከፕሮግራመሮቹ አንዱ አንዲ ኸርትዝፌልድ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኛው ለሱዛን ኬር ደወለ። ኬር በሥነ ጥበብ ዶክትሬት ያላት ሰው ናት፤ ኮምፒውተር ግን ሙያዋ አልነበረም። በዚያ ሰሞን አርካንሳስ ለሚገኝ ሙዚየም የከርከሮ ሐውልት በብረት እየበየደች ነበር።

የተሰጣት ምክር ቀላል ነው፤ ትንንሽ ካሬ ያለው ግራፍ ፔፐር ግዢና ካሬዎቹን አጥቁሪ። አንድ አይከን 32 በ32 ካሬ ነው፣ ማለትም 1,024 ነጥብ። ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቢት ይፈጃል፤ ሲደመር 128 ባይት። አሁን በለመድነው ዩቲኤፍ-8 አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ በዚያ ቦታ የሚገባው 42 ፊደል ነው፤ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር በሉት። ግራጫ የለም፣ ሰያፍ መስመር ደረጃ ይሆናል። ኬር ሥራውን ከሞዛይክና ከጥልፍ ጋር ታመሳስለዋለች። እናቶቻችን የጨርቅ ቀዳዳ እየቆጠሩ አበባ ሲያወጡ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ከዚያ ወረቀት የወጣው ዝነኛ ሥዕል ማሽኑ ሲከፈት ፈገግ የሚለው ትንሹ ኮምፒውተር ነው። ምንም መረጃ አይሰጥም ልትሉ ትችላላችሁ። ይሰጣል፤ «ደህና ነኝ፣ አትፍራኝ» ይላል። ለእኔ ይሄ ከማንኛውም ፖስተር የበለጠ የንግድ ሥራ ነው፤ ገዢው ማሽኑን ጠቅልሎ ወደ ሱቁ እንዳይመልስ የሚያደርግ። ማሽኑ ሲበላሽ የሚወጣው ቦምብ ግን ተቃራኒውን አደረገ። ኬር እንደምትናገረው ቦምቡን ማንም አያየውም ተብላ ነበር የሣለችው። ታየ፤ ኮምፒውተሬ ሊፈነዳ ነው ወይ ብላ ተጨንቃ የደወለች ሴት ነበረች።

አሁንም በማክ ኪቦርድ ላይ ያለው ባለአራት ቀለበት ምልክት የመጣው ከቁጣ ነው። መጀመሪያ ቦታው ላይ የአፕል አርማ ነበር። ስቲቭ ጆብስ ስክሪኑ በአፕል መሞላቱን ሲያይ አርማችንን በከንቱ እየጠራችሁ ነው በሚል ስሜት ተቆጣ፤ ትእዛዙ ከኦሪት የመጣ ነው የሚመስለው። ኬር የምልክቶች መዝገብ ስታገላብጥ ስዊድን ውስጥ ሊጎበኝ የሚገባ ቦታን የሚያመለክት ምልክት አገኘችና ተካችው። ለእኔ ዓይን የብራና መጻሕፍታችን ላይ የሚጠላለፈውን ሐረግ ይመስለኛል፤ ዝምድና የላቸውም እንጂ።

ኬር በኋላ ለማይክሮሶፍትም ሠርታለች። በ1990 ዊንዶውስ 3.0 ይዞት የመጣው የሶሊቴር ካርታ የእሷ እጅ ነው። ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ማውዝ መጎተትን በሶሊቴር የተለማመዳችሁ ካላችሁ፣ አስተማሪያችሁ እሷ ነበረች። በ2015 ኒው ዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ሞማ፣ የግራፍ ፔፐር ንድፎቿን ወደ ስብስቡ አስገብቷል።

እኔን የሚከነክነኝ ከዚያ ወዲህ የሆነው ነው። የኬር ቆሻሻ መጣያና ፎልደር የሠሩት ገዢው ቢሮ ውስጥ በየቀኑ የሚያየው ዕቃ ስለነበሩ ነው። እኛ ዛሬ አይከን አንሥልም፤ የተዘጋጀ ጥቅል በነፃ እናወርዳለን። ስለዚህ ፍሎፒ ዲስክ በእጁ ይዞ የማያውቅ ልጅ ፋይሉን የሚያስቀምጠው የፍሎፒ ሥዕል ነክቶ ነው፤ መርካቶ ስትገበያይ የኖረች እናትም ስልኳ ላይ ግዢ የሚባለውን የምታገኘው የሱፐርማርኬት ጋሪ ውስጥ ነው። አንድ የሽያጭ አፕ ስንሠራ በጋሪው ፈንታ ዘንቢል እናድርግ ብዬ ነበር። ሐሳቡን የጠላው ሰው አልነበረም። ግን ጥቅሉ ውስጥ ዘንቢል የለም፣ ለሠዓሊ የሚከፈል በጀት ደግሞ አልተያዘም፤ ጋሪው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ በ32 በ32 ካሬ እሞክራለሁ። ሁለቱ ማንጠልጠያዎች ብዙ ቦታ ይበላሉ፣ የስፌቱ መስመር ደግሞ ሲያንስ ቆሻሻ ይመስላል። አፉን ሰፋ፣ ታቹን ጠበብ ሳደርገው ትንሽ ተሻሻለ። እስካሁን ግን ባልዲ ነው የሚመስለው።