የተካደው ዝናብ፦ የ1928 ዓ.ም. ዜና

በዓመተ ዓለም 7428፣ ዘመነ ዮሐንስ በገባ በ22ኛው ቀን፣ ማለት መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ጦር ጦርነት ሳያውጅ መረብን ተሻገረ። የዚያኑ ዕለት አውሮፕላኖቹ ዐድዋን በቦምብ ደበደቡ። በአዲስ አበባ ነጋሪት ተጎሰመ፤ የክተት አዋጅ ተነበበ፤ አገሬውም ስንቁን ሰንቆ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ተመመ። ማን የት እንደ ዘመተ፣ ማን የት እንደ ወደቀ የጻፉ ብዙዎች ናቸው። ይህ ዜና ግን የሚናገረው በዚያው ዘመን ጠመንጃ ያልያዙ ሰዎች በአደባባይ፣ በወደብና በጋዜጣ ገጽ ስለ ተሟገቱት ሙግት፣ በተከዜ ዳር የሆነውም ነገር ወደ ዓለም ጆሮ ለመድረስ ስንት በር እንዳንኳኳ ነው።

ተቃውሞው የተጀመረው ጦሩ ሳይጀመር ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ውጊያ ከሆነ ወዲህ ሙሶሊኒ ወታደሩንና መሣሪያውን በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ ሲያጓጉዝ ከረመ። ዝግጅቱን ያላየ መንግሥት አልነበረም፤ ቦዩም አንድ ቀን አልተዘጋበትም። የእንግሊዝ ሕዝብ ግን ከመንግሥቱ የተለየ ልብ ነበረው። ሰኔ 20 ቀን 1927 ዓ.ም. በለንደን ውጤቱ በተገለጸው የሰላም ድምፅ አሰጣጥ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሐሳባቸውን ሰጥተው ነበር፤ ወራሪ መንግሥት በንግድ ማዕቀብ ይገታ ያሉትም እጅግ በዙ። ወረቀቱን ቤት ለቤት እየዞሩ የሰበሰቡት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ።

በአሜሪካም ኢትዮጵያን በዓይናቸው አይተዋት የማያውቁ ጥቁሮች ነገሩን የገዛ ቤታቸው ነገር አደረጉት። ሰኔ 18 ቀን በኒው ዮርክ ጆ ሉዊስ ግዙፉን ኢጣልያዊ ቦክሰኛ ፕሪሞ ካርኔራን በስድስተኛው ዙር ሲያሸንፍ ሃርለም ፈነደቀች። ሐምሌ 27 ቀን በዚያው ሰፈር በሺህ የሚቆጠር ሰው ስለ ኢትዮጵያ ተሰለፈ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰውና ኮሚኒስት፣ ጥቁርና ነጭ አብረው ሄዱ። በቺካጎ ከንቲባው ሰልፉን ከለከለ። ነሐሴ 25 ቀን ሰዉ ክልከላውን ጥሶ ሲወጣ ፖሊስ በኃይል በተነው፤ ብዙዎችም ታሰሩ። ፒትስበርግ ኩሪየር የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ደግሞ በሌላ ሰው ወሬ ከማደር ብሎ የራሱን ጸሐፊ ጄ. ኤ. ሮጀርስን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። በአገሩ ጋዜጣ ስለ ራሱ ዘወትር ክፉ ሲጻፍበት የኖረ ሕዝብ፣ ስለ ሌላው ጥቁር ሕዝብ የሚጻፈውን በጥርጣሬ ማንበቡ ተገቢ ነበር።

በለንደን ሲ. ኤል. አር. ጄምስ፣ ኤሚ አሽዉድ ጋርቬይና ጆሞ ኬንያታ የአቢሲኒያ አፍሪካውያን ወዳጆች የሚል ማኅበር አቁመው በአደባባይ ተናገሩ። በደቡብ አፍሪካ የደርባንና የኬፕ ታውን ወደብ ሠራተኞች የኢጣልያን መርከብ አንጭንም አሉ። እነዚህ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ እምቢ ባሉበት ቀን ደመወዛቸው እንደሚቀር ያውቃሉ።

ይሁን እንጂ ሰልፍ ሁሉ ለተበደለው አልነበረም። ጦሩ በተጀመረ ማግስት በፓሪስ የምሁራን መግለጫ ወጣ፤ ፈራሚዎቹ ኢጣልያ የምዕራቡን ሥልጣኔ ይዛ እንደሄደች አድርገው በእርሷ ላይ የታሰበውን ማዕቀብ ተቃወሙ። ሌሎች የፈረንሳይ ጸሐፍት ወዲያው የመልስ መግለጫ አወጡ። በኋላም በጄኔቭ ለኢትዮጵያ ጥብቅና የቆሙት የሕግ ሊቅ ጋስቶን ዤዝ በፓሪስ የሕግ ፋኩልቲ እንዳያስተምሩ የቀኝ ክንፍ ተማሪዎች አድማ መቱባቸው፤ በጩኸትም ክፍላቸውን አወኩባቸው። አንድ ሽማግሌ መምህር ለደካማ አገር ቆሙ ተብለው መዋረዳቸው የዚያን ዘመን አውሮፓ ፊት ያሳያል።

በኢጣልያ ምድር የተቃውሞ ሰልፍ የሚታሰብ አልነበረም። የሙሶሊኒ አማች ጋሌያጾ ቻኖ የፕሬስና የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴርን ይዞ ነበር። ሚኒስቴሩ ለየጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ትእዛዝ ይልካል፤ ምን እንደሚጻፍ፣ ምን እንደሚዘለል፣ የትኛው ወሬ በትልቅ ርእስ እንደሚወጣ ይነግራል። ቻኖ ራሱ ጦሩ ሲጀመር የቦምብ አውሮፕላን ይዞ ዘመተ፤ ወሬውን የሚያዝዘውና ቦምቡን የሚጥለው አንድ ሰው ሆነ። በስደት ያሉት ኢጣልያውያን ግን ዝም አላሉም። በጥቅምት ወር መጀመሪያ በብራስልስ ተሰብስበው ይህ ጦርነት የፋሺዝም እንጂ የኢጣልያ ሕዝብ አይደለም ብለው አወገዙት። የኢጣልያ ልጆች ሆነው ይህን ማለታቸውን የኢትዮጵያ ታሪክ ጸሐፊ ሊዘለው አይገባም።

በአዲስ አበባ ከመቶ የሚበልጡ የውጭ ጋዜጠኞች ተሰብስበው ነበር። ወደ ጦር ግንባር ለመሄድ የሚፈቀድላቸው ጥቂት ስለ ሆኑ ብዙዎቹ በሆቴል ተቀምጠው ከአስተርጓሚ፣ ከነጋዴና እርስ በርሳቸው የሰሙትን ወደየአገራቸው በቴሌግራም ያስተላልፉ ነበር። ስለዚህ ያልሆነ ድል ተጻፈ፤ ያልሆነ እልቂትም ተጻፈ። ዴይሊ ሜይል የላከው እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ ከመጀመሪያው ልቡ ወደ ኢጣልያ ያደላ ነበር፤ ይህንም አልደበቀም። በኢጣልያ ጦር በኩል የዘመተው የኒው ዮርክ ታይምስ ጸሐፊ ኸርበርት ማቲውስም ለዘመቻው አድናቆቱን ጻፈ፤ አስተያየቱን የለወጠው በኋላ በስፔን ጦርነት ነው። ከሁሉ የተለየው የለንደኑ ታይምስ ወኪል ጆርጅ ስቲር ነበር። በደቡብ አፍሪካ የተወለደው ይህ ወጣት ኢትዮጵያን ዞሮ ያየ፣ ባለሥልጣኖቿን ቀርቦ የጠየቀ፣ ያየውንና የሰማውን ለይቶ የጻፈ ሰው ነው። ኢጣልያኖች አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ ወዲያው አባረሩት። በዓመቱ የስፔኗ ገርኒካ በአውሮፕላን ስትነድ ለዓለም ያሳወቀው ይኸው ስቲር ነበር።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ወልወል ዓመት በሞላው ዕለት፣ ደሴ ተደበደበች። የቀይ መስቀል ምልክት የተቀባበት የአሜሪካ ሚስዮን ሆስፒታልም ተመታ። ጃንሆይ ራሳቸው ከመትረየስ ኋላ ሆነው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ ጋዜጠኞች በዓይናቸው ስላዩ፣ የዚያን ቀን ወሬ ማንም ሊያጣምመው አልቻለም።

በዚያው ሰሞን የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ፒየር ላቫል በፓሪስ በምስጢር ተገናኝተው የኢትዮጵያን ብዙ ግዛት ለሙሶሊኒ ቆርሰው ሊሰጡ ተስማሙ። ምስጢሩ ግን አላደረም። የፓሪስ ጋዜጦች በማግስቱ አወጡት፤ ካወጡትም አንዷ ጋዜጠኛዋ ዤኔቪየቭ ታቡዊ ነበሩ። በእንግሊዝ ሕዝቡ ተቆጣ። በኅዳር ወር ምርጫ መንግሥቱ ለመንግሥታት ማኅበር ታማኝ እሆናለሁ ብሎ ድምፅ ወስዶ ነበርና፣ መራጩ ለየእንደራሴው የቁጣ ደብዳቤ አወረደበት። ታኅሣሥ 8 ቀን ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ። በዚያችው ቀን በሮም ንግሥት ኤሌና የጋብቻ ቀለበቷን ለጦርነቱ ወርቅ ሰጠች፤ ሚስቶችም ተሰልፈው የጣታቸውን ወርቅ እያወለቁ በብረት ቀለበት ለወጡ። አንድ ቀን በሁለት ከተማ እንዲህ ሆነ፤ በአንዱ ያወቀ ሕዝብ ሚኒስትሩን አወረደ፣ በሌላው እንዳያውቅ የተደረገ ሕዝብ ቀለበቱን ሰጠ።

አሁን ወደ ተከዜ እንመለስ። በታኅሣሥ አጋማሽ የልዑል ራስ እምሩ ጦር ኢጣልያኖችን ወደ ኋላ እየገፋ ሳለ አውሮፕላኖች መጡ። የጣሉት እንደ ቀድሞው የሚፈነዳ ቦምብ አልነበረም፤ መሬት ሲነካ እየተሰበረ ቀለም የሌለው ፈሳሽ የሚረጭ ዕቃ ነበር። ፈሳሹ የነካው ሰው እጁ፣ እግሩና ፊቱ ይቆስል ጀመር። ወደ ወንዙ ሮጠው ውሃ የጠጡትም አልዳኑም፤ ውሃው ተመርዞ ነበርና። ይህን ልዑል ራስ እምሩ ራሳቸው በኋላ ለታሪክ ጸሐፊ ተናግረውታል። መርዙ ኢፕሪት ይባላል። ኢጣልያ በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን ስምምነት ፈርማ፣ በ1920 ዓ.ም. አጽድቃው ነበር። ሆኖም ታኅሣሥ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ጋዝን በሰፊው መጠቀም ተፈቅዷል የሚል ቴሌግራም ለጦር አዛዡ ለባዶሊዮ ላከ።

የኢትዮጵያ መንግሥት ታኅሣሥ 20 ቀን ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አለ። በዚያው ቀን በደቡብ በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሠፈር ተደበደበ፤ የቡድኑ መሪ ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ቆሰሉ፣ ብዙ በሽተኞችም ሞቱ። ኢጣልያ አንድ አብራሪዋ ተማርኮ መገደሉን ምክንያት አደረገች፤ የቀይ መስቀልን ምልክት ለማጭበርበር ይጠቀሙበታል ስትልም ከሰሰች። አብራሪው መገደሉ እውነት ነው። በአንድ ምርኮኛ ደም ግን በአልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ ሊመታ ምን ሕግ ይፈቅዳል?

ለመርዙ ምስክር አልጠፋም። በኮረም ሐኪሙ ጆን ሜሊ የሚመሩት የእንግሊዝ አምቡላንስ የተቃጠሉትን በመቶዎች እየተቀበለ ያክም ነበር። የዓለም አቀፍ ቀይ መስቀል ወኪል ዶክተር ማርሴል ዡኖም በዛፍ ሥር ተጋድመው አቤት አቤት የሚሉትን ቁስለኞች አዩ፤ በኋላም በመጽሐፋቸው ጻፉት። በጄኔቭ ያለው ኮሚቴያቸው ግን ገለልተኛነቱን ምክንያት አድርጎ ያወቀውን ለመንግሥታት ማኅበር አሳልፎ አልሰጠም። ሐኪሞቹ ያዩትን፣ ቁስለኞቹ የተሸከሙትን ማስረጃ በሣጥን መቆለፍ ከባድ ጥፋት ነበር፤ በዚያ ጊዜ ዝምታው የጠቀመው መርዝ ለሚረጨው ብቻ ነው።

መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ውጊያ ሆኖ የጃንሆይ ጦር ተሸነፈ፤ ሚያዝያ 24 ቀን ጃንሆይ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ባዶሊዮ ገባ። ሐኪሙ ሜሊም በከተማው ዘረፋ መካከል የወደቁትን ሲያነሡ ተተኩሶባቸው፣ በዚያው በሚያዝያ 27 ዐረፉ።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሙ። ንግግራቸውን ሊጀምሩ ሲሉ ከጋዜጠኞች ሰገነት ፉጨትና ስድብ ወረደ። የሚያፏጩት ከሮም ታዘው የመጡ የኢጣልያ ጋዜጠኞች ነበሩ፤ ብዕር የያዘ ሰው ሊሰማ በተቀመጠበት ወንበር የተናጋሪን ድምፅ ሊያፍን መጣ። የሮማንያው ሚኒስትር ኒኮላይ ቲቱሌስኩ ተነሥተው እነዚህን አረመኔዎች አስወጡልን ሲሉ ጮኹ፤ ፖሊስም አስወጣቸው። ጃንሆይ ፀጥታው እስኪመለስ ጠብቀው በአማርኛ ተናገሩ። አውሮፕላኖቹ 9፣ 15፣ 18 እየሆኑ እየተከታተሉ መርዙን እንደ ረጩ፣ ሰውና ከብት፣ ወንዝና መስክ እንዴት እንደ ተመረዘ አስረዱ። አዳራሹ አጨበጨበ። በሳምንቱ ውስጥ ማኅበሩ በኢጣልያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ ለማንሣት ወሰነ።

ባዶሊዮ አዲስ አበባ በገባባት በዚያች ቀን፣ ሚያዝያ 27፣ በለንደን አጠገብ በዉድፎርድ ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ የመጀመሪያው እትም ወጣ። አዘጋጇ ሲልቪያ ፓንክረስት ነበሩ። ሲልቪያ ለሴቶች የመምረጥ መብት ታግለው እስር ቤት የተመላለሱ፣ አንደኛውን የዓለም ጦርነትም ሕዝቡ በአገር ፍቅር ስካር ላይ ሳለ የተቃወሙ ሴት ናቸው። ባልንጀራቸው ሲልቪዮ ኮርዮ ኢጣልያዊ ስደተኛ ነበር፤ የሮምን ጋዜጦች እያነበበ ውሸቱን ከእውነቱ የሚለይላቸው እርሱ ነው። በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም አጋዣቸው ነበሩ። ትልልቆቹ ጋዜጦች ጦርነቱ አልቋል ብለው ገጻቸውን ሲያዞሩ፣ ይህች ጋዜጣ አርበኞች በየዱሩ መዋጋታቸውን ጻፈች፤ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.ን የአዲስ አበባ ፍጅት ጻፈች፤ ገዳዮቹ ለማስታወሻ ያነሡትንም ፎቶግራፍ አተመች። ለ20 ዓመት ሳትቋረጥ ወጣች። በኒው ዮርክ ደግሞ ዶክተር መላኩ በያን በነሐሴ 1929 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሥርተው የኢትዮጵያ ድምፅ የሚል ጋዜጣ አወጡ፤ ገና በጎልማሳነታቸው በ1932 ዓ.ም. ዐረፉ። ሲልቪያ በመጨረሻ አዲስ አበባ መጥተው ኖሩ፤ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ተመለሰ፤ ክህደቱ ግን አልተነሣም። ኢትዮጵያ የጦር አዛዦቹን ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምራ የ10 ኢጣልያውያንን ስም ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቀረበች። ከእነርሱ አንዱም ስለ ኢትዮጵያ ለፍርድ አልቆመም። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ እ.ኤ.አ. በ1965 የጋዙን ነገር በመጽሐፍ ሲያወጣ የቀድሞ ዘማቾች አገሩን የሰደበ ከሐዲ አሉት። በወጣትነቱ በዚያ ጦርነት የዘመተው ታዋቂው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ፣ እኔ እዚያ ነበርሁ፣ ጋዝ አላየሁም እያለ ለዐሥርታት ተከራከረው። ዴል ቦካ በስድብ አልመለሰም፤ የመንግሥትን መዝገብ ቤት እየፈተሸ የሙሶሊኒን፣ የባዶሊዮንና የግራዚያኒን ቴሌግራሞች አንድ በአንድ አወጣ።

በጥር 1988 ዓ.ም. የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስትር ጄኔራል ዶሜኒኮ ኮርቾኔ የመርዝ ጋዝ በኢትዮጵያ ላይ መጣሉን ለፓርላማው በይፋ አመኑ። ሞንታኔሊም ሰነዶቹን አይቶ ዴል ቦካ ትክክል እንደ ነበር በጋዜጣው ጽፎ ይቅርታ ጠየቀ። ያን ጊዜ ልዑል ራስ እምሩ ካረፉ ከ15 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር።