ቀጥቃጭና መካኒክ

በ1900 ዓ.ም. ለእጅ ሥራ ታሪክ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች ተፈጸሙ። ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ባለእጅን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። የሁለቱን ፍጻሜ ለመመርመር ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ዱርቤቴን መመልከት ይበቃል።

አራቱም ጎማዎቹ የሚጎትቱ አሮጌ ፒክአፕ ያለው ሰው በግቢው ሲጠግን ካቻቪቴና ፒንሳ ያስቀርባል፤ ስለ ካምቢዮ፣ ስለ ፍሪሲዮን፣ ስለ ባሌስትራ ይናገራል። ላንድሮቨር የእንግሊዝ፣ ላንድክሩዘር የጃፓን ሥራ ሲሆኑ ቃላቱ ግን የጣሊያን ናቸው። ቃሉ መኪናው ከየት እንደ መጣ ሳይሆን ሙያው ከማን እጅ እንደ ተወረሰ ይመሰክራል፤ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የወረራ ዘመን የተወው ምልክት ነው።

ባሌስትራው በወጣ ገባ መንገድ ሲሰበር ብረቱ አይጣልም፤ ቀጥቃጩ በእሳት አለስልሶ ማረሻ ወይም ቢላ ያደርገዋል። እንግዲህ አንዱ ብረት በሁለት ባለእጆች እጅ ያልፋል። ነገር ግን አንደኛው «መካኒክ» ተብሎ ሲከበር ሁለተኛው «ቡዳ» እየተባለ ሲሸሽ ኖረ። ስለዚህ የንቀቱ ምክንያት ብረቱም እሳቱም አይደለም፤ ሙያው በዘር መቈጠሩ ነው። የመካኒኩ ሙያ አዲስ ስለ ሆነ ዘር አልተቈጠረበትም።

ዐዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ ይህን ቈጠራ አላጠፋም። የእጅ ሥራን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ የሁለቱን ባለእጆች ቃላት ጎን ለጎን ሊመዘግብ ይገባዋል፤ የቀጥቃጩ ግን ይቅደም፤ የተናቀ ሙያ ቃሉ ሳይጻፍ ይጠፋልና።