የዘር ኢፍትሐዊነት በቺካጎ የሥራና የትምህርት መስክ

በአሜሪካዋ የቺካጎ ከተማ በጥቁሮችና በነጮች መካከል የሚታየው የሥራና የትምህርት ዕድል ልዩነት በአብዛኛው የመኖሪያ ሰፈሮች በዘር ከመከፋፈላቸው የመነጨ ነው። ከ1916 እ.ኤ.አ. ገደማ እስከ 1970 በዘለቀው «ታላቁ ፍልሰት»፣ ማለትም ጥቁሮች ከደቡብ ግዛቶች ወደ ኢንዱስትሪ ከተሞች ባደረጉት ፍልሰት፣ ቺካጎ የገቡት ሰዎች ለጥቁር ቤት መሸጥንና ማከራየትን በሚከለክሉ የባለንብረቶች ውሎች፣ እንዲሁም የጥቁሮችን ሰፈር አደገኛ ብሎ ብድር በሚነፍገው «ሬድላይኒንግ» በተባለ አሠራር ምክንያት በጥቂት ሰፈሮች ተጨናንቀው ለመኖር ተገደዱ።

ተማሪዎች በየሰፈራቸው ይመደቡ ስለነበር የትምህርት ቤቶችም ክፍፍል ይህንኑ ተከተለ። የትምህርት ኃላፊው ቤንጃሚን ዊሊስ ከተጣበቡት የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ወደ ነጮቹ ከማዛወር ይልቅ ተንቀሳቃሽ የመማሪያ ክፍሎችን በመጠቀማቸው፣ ኦክቶበር 22 ቀን 1963 ከ200,000 በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ቀርተው ተቃውሟቸውን ገለጹ። በ2013 ወደ 50 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉም ከተነኩት ተማሪዎች አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ።

በሥራ በኩል፣ ግዙፉ የከብት ገበያና የቄራዎች ማዕከል ዩኒየን ስቶክ ያርድስ በ1971፣ የብረታ ብረት ፋብሪካው ዊስኮንሲን ስቲል ደግሞ በ1980 በመዘጋታቸው ከፍተኛ ትምህርት የማይጠይቁ ቋሚ ሥራዎች ተመናመኑ። ከዚህም ሌላ ቀጣሪዎች በግልጽም ሆነ በስውር ያደርጉት የነበረው አድልዎ አልተወገደም፤ በ2004 የታተመ፣ ቺካጎንና ቦስተንን ያካተተ ጥናት በነጮች ዘንድ የተለመደ ስም የሰፈረባቸው የሥራ ማመልከቻዎች፣ በብቃት ተመሳሳይ ሆነው የጥቁሮች ስም ከሰፈረባቸው ይልቅ 50 በመቶ ያህል የበለጠ ምላሽ ማግኘታቸውን አሳይቷል።