የታማ ሙያ እንዴት እንደ ከበረ
በአውሮጳ አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. የብሪታንያ ሐኪሞች መጽሔት፥ በለንደን ከተማ በማሸት ሕክምና ስም የነውር ቤት የሚከፍቱ መኖራቸውን ገልጦ ጻፈ። በቅንነት የሚሠሩትም ሴቶች አብረው ታሙ። ስለዚህ ወይዘሪት ሮዛሊንድ ፓጄትና ሦስት ባልንጀሮቻቸው በዚያው ዓመት ማኅበር አቁመው፥ አባሎቹ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማንንም እንዳያሹ ደነገጉ። ይህ ሕግ ስማቸውን አዳነ፤ ነገር ግን እጃቸውን አሰረ።

ማኅበሩ በ1920 ዓ.ም. የንጉሥ ቻርተር ተቀበለ። ዕውቀት ግን ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ እንጂ ከቻርተር አይገኝም። በ1934 ዓ.ም. ወደ ብሮምተን የደረት ሐኪም ቤት የገቡት ወይዘሪት ዊኒፍሬድ ሊንተን፥ ደረታቸው በቀዶ ጥገና የተከፈተላቸውን ሰዎች፥ ወደ ደከመው የሳንባ ወገን አየር እንዲስቡ ያስተምሩ ነበር። አክታ የቋጠረ በሽተኛም የታመመው የሳንባ ክፍል ከትንፋሽ ቧንቧው በላይ እንዲውል ሆኖ ሲተኛ፥ አክታው በገዛ ክብደቱ ወርዶ በሳል ይወጣል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሳንባ ብዙ ክፍል ስላለው የአተኛኘቱ ስልት ለየክፍሉ ልዩ ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው በሽተኛውን ያደክማል እንጂ አይረዳም።

በዚያው ሐኪም ቤት የሠሩት ጋስኬልና ዌበር ጥበቡን በ1973 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጡት። በ1977 ዓ.ም. የብሪታንያ መንግሥት የሕክምናውን ዓይነትና ልክ ባለሙያው ራሱ እንዲወስን ፈቀደ።