ከብራናው ጓዳ፤ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የምርምር ጉዞ

የግእዝ ሥነ ጽሑፍ የካህናት ጸሎት ብቻ ተደርጎ ሲታይ፣ በውስጡ የተመዘገበው የሕዝብ ኑሮ፣ ክርክርና ፍዳ ሳይነበብ ይቀራል። ይህን ጉድለት ለማረም ዕድሜያቸውን ከሰጡ ሊቃውንት አንዱ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ።

ጌታቸው በ1931 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሸዋ፣ በሸንኮራ ተወለዱ። በ1957 ካይሮ ላይ ከቅብጦች የነገረ መለኮት ኮሌጅና ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ፤ በ1962 ደግሞ ከጀርመኑ ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ በሴም ቋንቋዎች ጥናት የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ። ወዲያውም ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ።

በ1975 ሊይዟቸው በመጡ ወታደሮች ጥይት ቈስለው እግሮቻቸው ሽባ ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት በስደት ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሚኔሶታው ቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ከ1973 ጀምሮ ከኢትዮጵያ አድባራትና ገዳማት በማይክሮፊልም የተነሡት የብራና መጻሕፍት ቅጂ በዚያ ይጠበቅ ነበርና፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው አገራቸውን በፊልም ያነቧት ጀመር።

ሥራው ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነው። ዘመኑ ያልተጻፈበት መጽሐፍ በፊደሉ ቅርጽ፣ ወይም በጸሎቱ መካከል በተጠቀሰው ንጉሥና ጳጳስ ስም ይታወቃል፤ በባዶ ገጽ የሰፈረ የርስት ውል አንዳንዴ ከዋናው ድርሰት የበለጠ ስለ አገሬው ይናገራል። ዊልያም ማኮምበር የጀመሩትን ዝርዝር ጌታቸው ተቀብለው ገፉበት፤ በ1993 የወጣው ዐሥረኛው ቅጽ እስከ 5000ኛው መጽሐፍ ደረሰ።

ይሁን እንጂ ድካማቸው ለውጭ ሊቃውንት ብቻ እንዲቀር አልፈቀዱም። በ15ኛው መቶ ዓመት የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች «ስግደት ለሥላሴ ብቻ» በማለት ለንጉሥ አንሰግድም አሉ፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ ተገደሉ። በአሳዳጆቻቸው ብዕር መናፍቃን ተብለው ሲጠሩ ኖሩ። እነርሱ ራሳቸው ግን ገድላቸውን ጽፈው አቆይተው ነበር፤ ጌታቸውም በ2004 «ደቂቀ እስጢፋኖስ» በሚል ርእስ በአማርኛ አቀረቡት። አምስት መቶ ዓመት በአንድ ወገን ቃል የተፈረደበት ነገር ሁለተኛ ምስክር አገኘ፤ ዳኛውም ግእዝ የማያውቀው ተራው አንባቢ ሆነ።

በ1988 የታወቀውን የማካርተር ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2021 በስደት አገር ዐረፉ። ከ5000ው ወዲያ ያለውን ብራና መርምሮ ለሕዝብ በሚገባው ቋንቋ ማቅረብ ለመምህራኖቻችንና ለደራስያኖቻችን የተተወ አደራ ነው።