«ማስረጊያ ጉድጓድ»፦ የጥገና ቃላት ከመርካቶ ምን ይማራሉ?

ከባሕር ወለል በታች ነዳጅ ዘይት በሚገኝባቸው ስፍራዎች፣ ከዘይት ማውጫው ጉድጓድ ራቅ ብሎ ሌላ ጉድጓድ ይቆፈራል። ይህኛው ውሃ ይቀበላል እንጂ አይሰጥም። በግፊት የሚገባው ውሃ የዐለቱን የውስጥ ግፊት እየጠበቀ ዘይቱን ወደ ማውጫው ይነዳዋል። ተርጓሚ ይህን «የውሃ ጉድጓድ» ብሎ ቢያልፈው አንባቢ የሚረዳው ተቃራኒውን ነው፤ በአማርኛ የውሃ ጉድጓድ ውሃ የሚቀዳበት ነውና።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። ጆን ካርል የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ምድር ሊቅ፣ ወደ ዘይቱ አሸዋ የሚሰርግ ውሃ ምርትን ሊያበዛ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1880 አመልክቶ ነበር። በኖርዌይ የባሕር ክልል በሚገኘው በኤኮፊስክ ዘይት መውጣት የጀመረው በ1971 ሲሆን፣ የባሕር ውሃን በስፋት ማስገባት የተጀመረው በ1987 ነው። በአገራችን የባሕር ላይ ዘይት ባይኖርም ተቀባይ ጉድጓድ እንግዳ አይደለም። በአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ኃይል ለማመንጨት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከተቆፈሩት 8 ጥልቅ ጉድጓዶች አንዱ፣ የተሠራበትን ውሃ ወደ መሬት ለመመለስ የተመደበ ነበር።

ስያሜውን ከየት እናምጣ? በዚህ ረገድ የመርካቶ ታሪክ ያስተምራል። ስሙ ራሱ በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው፤ በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ዋናው ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ወደ ዛሬው አዲስ ከተማ ሲዛወር የመጣ ነው። ከመኪናና ከብረት ሥራም ጋር ካቻቪቴ፣ ሞርሳ፣ ጎማ፣ ቱቦ፣ ፊልትሮ የሚሉ ቃላት ከዚያው ቋንቋ ገብተዋል። ነጋዴውም ጎማ የሚሸጥበትን ስፍራ ጎማ ተራ ብሎ የውጭውን ስም ከአገሩ ቃል ጋር አጋብቶታል።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ግሡ ነው። ጎማው ይተነፍሳል፣ ቱቦው ይዝጋል፣ ፊልትሮው ይደፈናል። የዕቃው ስም ከውጭ ቢመጣም በዕቃው ላይ የሚደርሰው ነገር የሚነገረው በአማርኛ ነው። ጥገና ደግሞ በአመዛኙ በዕቃ ላይ ስለሚደርሰው ነገር የሚናገር ሙያ ስለሆነ፣ ቃላቱን ከግሦቻችን ማውጣት ተገቢ ነው እንላለን።

በተቀባይ ጉድጓድ ላይ የሚደርሱት ችግሮች ይህንኑ ያሳያሉ። በውሃው ያለ ደቃቅ ጠጣር የዐለቱን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ስለዚህ ውሃው አስቀድሞ ይጣራል። የሟሟው ኦክስጅን ብረቱን ያዝገዋል፤ ስለዚህ ይወገዳል። የባሕር ውሃ ሰልፌት በዐለቱ ውሃ ውስጥ ካለው ባሪየም ጋር ሲገናኝ በተራ አሲድ የማይሟሟ ጠንካራ ቅርፊት ይሠራል። አንድ ዘገባ «ጉድጓዱ ተዘጋ» ቢል ግን አንዱ ባለሙያ ቫልቩ በእጅ እንደ ተዘጋ፣ ሌላው ዐለቱ እንደ ተደፈነ ይረዳል፤ የመጀመሪያው ቫልቭ ይከፍታል፣ ሁለተኛው ማጽጃ ኬሚካል ያዛል። ስለዚህ መዝጋት በሰው ፈቃድ ለሚሆነው፣ መደፈን ሳይፈለግ ለሚደርሰው ብቻ እንዲውል ያስፈልጋል።

ለጉድጓዱ ስም «ውሃ ማስረጊያ ጉድጓድ» የሚለውን እናቀርባለን። መስረግ ዝግ ያለ ነገር ነው፣ ግፊትን አያሳይም፤ «ሰርጎ ገብ» በሚለውም የጠላት ትርጉም ይዟል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም ውሃው በዐለቱ ውስጥ የሚሄደው በእርግጥ በመስረግ ነው፤ ግፊቱን መግለጽ ሲያስፈልግ «በግፊት ማስረግ» ማለት ይበቃል። «መርፌ» ከሕክምና አይወጣም፤ «ማስገቢያ» ደግሞ ለማንኛውም በር ይሆናል። በተወሰነ ግፊት በቀን የሚገባውን የውሃ መጠን ለሚያመለክተው መለኪያ «የመቀበል አቅም» እንላለን፤ «ተቀባይነት» ለሐሳብና ለሰው የተያዘ ቃል ነውና።

የሚተረጎመው መመሪያ ከጉድጓዱ ራስ ቆሞ በሚያነበው ሠራተኛ ይፈተናል። ለዚያ ሰው ከጎማ ተራ ጀምሮ የሚያውቀው ግሥ ከማንኛውም አዲስ ፈጠራ ይበልጥ ይታመናል።