ማስመሪያው ያልደረሰበት ከተማ

«ከተማ» የሚለው ቃል «ከተመ»፣ ማለት ሠፈረ፣ ከሚለው የወጣ ነው። ታዲያ ሠፈሩን የሚያሠምረው ማነው? ድሬዳዋን እንይ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደ ቆላው ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ።

የባቡር ኩባንያው ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ከዚራን በማስመሪያ አሠመረ፦ ቀጥ ያለ ጎዳና፣ የዛፍ ጥላ፣ ጣቢያ። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ነጋዴው፣ ተሸካሚው፣ ግመል ነጂው በየራሱ መላ መጋላን ሠራ፤ መንገዱ ጠባብና ጠምዛዛ፣ ቤቱ ከቤት የተደገፈ። የሚገርመው ነገር፣ በኦሮምኛም ሆነ በሱማሊኛ የመጋላ ትርጉም ያው ከተማ ነው። ኩባንያው ያላሠመረውን ሕዝቡ «ከተማ» ብሎ ጠራው!

ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ለፕላን ነዳፊ የተመቸ ወሰን ይመስላል። ወንዝ ግን ወሰን አይደለም እኮ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 ሰው በላይ ፈጀ። ብዙዎቹ ሌላ ቦታ አጥተው ዳር ዳሩን የሠፈሩ ድሆች ነበሩ።

እንግዲህ የከተማ ፕላን ታሪክ ስናጠና የጎዳናውን ቅናት ብቻ አናድንቅ። ከመስመሩ ውጭ የቀረው ማነው? የት አደረ? ብለን እንጠይቅ።